ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት

እስቲ ይህችን ወረቀት ተመልከቱ። በክትባት መጋዘናችን፣ የሁለተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል በር ላይ በአራት ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፋለች። በግራ በኩል ቀኖቹ፣ መሃል ላይ «ጠዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች፣ በቀኝ በኩል ፊርማ። ቁጥሮቹን ወደ ታች እያነበባችሁ ውረዱ፦ 4.2፣ 4.6፣ 5.0፣ 4.1... የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ክትባት ከሁለት ዲግሪ በታች መውረድ፣ ከስምንት ዲግሪ በላይም መውጣት የለበትም፤ እዚያ መሃል እስካለ ድረስ እኛም እንቅልፍ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ስትደርሱ ግን ቁሙ። 38.4 ይላል። አንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞበታል፣ ግን በደንብ ይነበባል። አጠገቡ ሦስት ቃላት ተጽፈዋል። እነሱን ስንደርስባቸው እናነባቸዋለን።

ቁጥሩን የጻፈውን ሰው «በረዶው» እንለዋለን። ዕድሜው ሃምሳን ሊነካ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ወፍራሙን ሰማያዊ ካፖርት ደርቦ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹ ውስጥ ይገባል፣ የሙቀት መለኪያውን ያነባል፣ ይወጣና በሩ ላይ ያለችው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ይሄም ሥራ ሆኖ ብላችሁ እንዳትስቁ። የስንቱ ሕፃን ክንድ በዚያች ቁጥር ላይ ተደግፏል። በረዶው ዓይኑ ያየውን እጁ ይጽፋል፤ በዓይኑና በእጁ መካከል ሐሳብ የሚባል ነገር አይገባም። የድሮው ኃላፊ አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሲሉ 9.1ን 7.9 አድርግልኝ ብለው ቢለምኑት «ቁጥሩን እኔ አልወለድኩት፣ እርስዎም ስም አያውጡለት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ሰው ሲከራከር «በረዶው ጽፎታል?» ተባለ ማለት ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። ያ ሰው ያለው ሀብት ይሄ ነው። ቤት የለው፣ መኪና የለው፤ ቃሉ ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ሰው ይህን የመሰለ ሀብት እንዴት በሃያ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እንደሚበትን ስሙ።

በየዓመቱ የመሥሪያ ቤቶች ግማሽ ማራቶን አለ። ከየመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰው ይሮጣል፣ አንድ ተጠባባቂ ይመዘገባል። ሦስቱም በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልገቡ ቡድኑ እንዳልሮጠ ይቆጠራል። ከገቡ የሦስቱ ሰዓት ይደመራል። አምና በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች በአንዲት ደቂቃ ተቀድመን ዋንጫው በእጃችን ሳይገባ ቀረ። ዘንድሮ የሚሮጡት በረዶው፣ የጄነሬተር ሠራተኛው፣ እና ሳጥን የማሽገው እኔ ነበርን። ተጠባባቂዋ ሹፌሯ ነበረች።

ሹፌሯን ማወቅ አለባችሁ። ክትባቱን በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ጤና ጣቢያዎች የምታደርሰው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ ስትለማመድ ከርማለች፤ መኪናዋ ሲራገፍ እንኳ ቁጭ አትልም፣ ግቢውን ትዞራለች። በማጣሪያው ቀን ከማለዳ ጀምሮ ስትነዳ ውላ፣ ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ሮጣ፣ በረዶው በአርባ ሰከንድ ቀደማት። አርባ ሰከንድ! በዚያው ቀን ምሳ ክፍል ውስጥ በረዶው አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰምቻለሁ። ተቀምጦ የሚውል እግር ፍሬን ሊይዝ ይችል ይሆናል፣ ሰዓት ግን አይዝም አለ። ሳቅን። እሷም ፈገግ አለች፤ በሳቅ መሃል የከፋው እንዳይመስል ሰው ፈገግ እንደሚለው።

ሩጫው እሁድ ነው። ቅዳሜ በረዶው ጉሮሮውን ይዞት ነው የመጣው። ሲያስል በካፖርቱ ክንድ አፉን ያፍናል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የክፍሉን ቁልፍ አስረከበኝ፤ ጣቶቹ መዳፌን ሲነኩት እንደ ካውያ ይፋጁ ነበር። «አሞሃል እንዴ?» አልኩት። «ከማቀዝቀዣ ስወጣ ሁሌ እንዲህ ነኝ» አለኝ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ሰው እጁ እንዴት ይፋጃል? ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ግን ዋንጫው ዓይኔ ላይ ነበር፤ አርባ ሰከንዱም ዓይኔ ላይ ነበር። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

እቤቱ ደግሞ ለሚስቱ ሌላ ነገር ነግሯታል። ሳሉን ሰምታ ነገ አትሮጥም ብላ ጫማውን ደብቃበት ነበር። በተጠባባቂ ተተክቻለሁ፣ የምሄደው ለማጨብጨብ ነው ብሎ አሳመናት። ለማጨብጨብ ጫማ ምን ያደርጋል ብትለው፣ ቡድኑ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲያደርግ ታዟል አላት። ጫማውን ከልብስ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ ሰጠችው፤ አፈሩንም በጨርቅ ጠረገችለት።

እሁድ ጠዋት መነሻው ላይ ተሰበሰብን። ሩጫው እስኪጀመር ድረስ ሰው መቀየር ይፈቀዳል፤ ደረት ላይ ያለውን ቁጥር ፈትቶ ለተጠባባቂው መስጠት ነው፣ አለቀ። ሹፌሯ የሩጫ ልብሷን ለብሳ፣ የጫማዋን ክር ሁለቴ ቋጥራ መጥታለች። በረዶውን ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ቀልቷል። ደህና አላደርክም?»

«እንቅልፍ ነው።»

«ካልተመቸህ ቁጥሩን ልቀበልህ። እኔ ዝግጁ ነኝ።»

በረዶው ወደ እኛ ዞር ብሎ «አያችኋት? ሰው እንዲታመም ስትጸልይ ያደረች ተጠባባቂ» አለ።

የጄነሬተር ሠራተኛው ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ትናንት የፋጀኝን መዳፍ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሳቅሁ። ሹፌሯ ፊቷ ፍም መሰለ። ከዚያ በኋላ ምን ትበል? ደግማ ብትጠይቅ መጸለይዋ እውነት ሊሆን ነው። አፏን ይዛ ወደ ተመልካቹ ሄደች። እንዲህ ነው ሰውን ዝም የሚያሰኙት፤ ደግነቱን ምቀኝነት አስመስሎ መናገር ነው፣ ሌላ ጉልበት አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን እሷ፣ ግማሹን ራሱ ነግረውኛል። እኔ ከፊት ስለነበርኩ አላየሁም።

የመጀመሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ሸጋ ነበር ይላል። ትኩሳቱ ራሱ እንደ ጉልበት ሆኖት ሰውነቱ ቀለለው፤ «አልታመምኩም፣ ዝም ብዬ ነው የፈራሁት» ብሎ ራሱን አመሰገነ። ስምንተኛው ላይ ብርድ ብርድ አለው። ሰው ሁሉ በላብ ተነክሮ ሲሮጥ እሱ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ጎማ ቤት ግድግዳ ተደግፎ አስመለሰው፤ ጎማ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ወጥቶ ትውከቱ ላይ በባልዲ ውሃ ደፋና ተመልሶ ገባ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እግሩ አልሰማው አለ። አሥራ ሦስተኛው ላይ መራመድ ጀመረ። አንድ ባልና ሚስት ሕፃን በጋሪ እየገፉ አለፉት። ሕፃኑ ተኝቷል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ደግሞ በዝግታ ሶምሶማ ሲያልፉት «አይዞህ ልጄ» አሉት፤ ከእሳቸው በላይ ያዋረደው «ልጄ» ማለታቸው ነው ይላል።

አሥራ አምስተኛው ላይ ሹፌሯ ቆማለች። አውቶቡስ ይዛ ቀድማ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ትጠብቀን ነበር። እኔንና የጄነሬተር ሠራተኛውን አጠጥታ አሳልፋናለች፤ እሱን ሃምሳ ደቂቃ ጠበቀችው። እያነከሰ ሲመጣ ሮጣ ሄደች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር። የሚሮጥ ሰው በአጠገቡ የለም፣ ሰሚ የለም፣ እሷና እሱ ብቻ። ግን ጠዋት በቀልድ የተናገረው ነገር አለ። አሞኛል ካለ ጠዋትም አሞት ነበር ማለት ነው።

«ጉልበቴ ነው። ተያዘብኝ» አላት።

ሹፌሯ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ጠርሙሱን አስቀምጣ የግራ ጉልበቱን በሁለት እጇ ማሸት ጀመረች። ደህናውን ጉልበት! ምንም ያልሆነውን! እግርህ ይፋጃል አለችው፤ ሩጫ ነዋ አላት። ይባስ ብሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ትንሽ ወደ ውስጥ» አላት። እሷም ትንሽ ወደ ውስጥ አሸችለት። እኔ ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፤ እሱ ሲነግረኝ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር።

ከዚያ የቀረውን ስድስት ኪሎ ሜትር አብራው ሄደች፤ እሱ በመንገዱ፣ እሷ በእግረኛው ጠርዝ፣ ምክንያቱም ቁጥር የሌለው ሰው መንገዱ ላይ መግባት አይፈቀድለትም። እሱ ሲራመድ እሷም ትራመዳለች፣ እሱ ሊሮጥ ሲሞክር እሷም ሶምሶማ ትላለች። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ጫማዋ ንጹሕ ነው። በዚያን ቀን ለመሮጥ ከሁላችንም በላይ የተዘጋጀው ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ የሰው ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል። መብራት ምሰሶዎቹን እየቆጠረች «እስከዚያኛው ብቻ» ትለው ነበር።

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሩጫው ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ሆኗል። በአየር የሚነፋው ትልቁ የመድረሻ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሁለት ሰዎች እንደ ብርድ ልብስ እያጠፉት ነው። የፕላስቲክ ብርጭቆ የምትጠርግ ሴትዮ «በዚያ በኩል ዙር የኔ ወንድም፣ እዚህ ጠርጌያለሁ» አለችው። ዞረ።

ቡድናችን እንዳልሮጠ ተቆጠረ። እኔ ከሁለት ሰዓት በታች ገብቼ፣ የጄነሬተር ሠራተኛው ከእኔም ቀድሞ ገብቶ፣ ሁሉም ገደል ገባ። የጄነሬተር ሠራተኛው ጫማውን አውልቆ ሊወረውር ሲል ሹፌሯ እጁን ያዘችው። ጉልበቱ ነው፣ አትፍረዱበት፣ እየተሰቃየ ነው የጨረሰው አለች። ስለዚህ አጽናናነው። ትከሻውን መታ መታ አደረግነው። በረዶውም ሲጽናና ቆመ።

አሁን ሰኞ ጠዋት ነው።

ሰኞ ክትባት የሚከፋፈልበት ቀን ነው። ሹፌሯ መኪናዋን በር ላይ አስጠግታለች፤ ስልሳ አራት ሳጥን ይጫናል፤ በአሥራ አንድ ጤና ጣቢያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቃሉ። ኃላፊያችን እንደ ልማዳቸው ከመጫኑ በፊት ወረቀቷን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ መልሰው አደረጉ። እሁድ በራሱ ቁልፍ ገብቶ የሚጽፈው ዘበኛው ነው፤ 4.3 ጽፏል፣ ከበላዩ ያለውን አላነበበም። ከበላዩ ግን 38.4 አለ።

ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ኃላፊያችን ስህተት ነው ብለው ይስቁ ነበር። በረዶው ጽፎታል። ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ቁጥር ማንም ለመጠርጠር አልደፈረም። ጠርሙሶቹ ላይ ያለው፣ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ የሚቀየረው ምልክት አልተለወጠም፣ በሩ ደህና ነው፣ መለኪያው ደህና ነው። ቢሆንም «እሱ ከጻፈው አይቶ ነው» ተባለ፣ ቀይ ፕላስቲክ ጥብጣብ በበሩ ላይ ተጣለ፣ ጭነቱም ቆመ። ታዲያ ቅዳሜ ክፍሉን እንዲህ ያጋለው ምንድን ነው? መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ አልተነሳም ማለት ነው። የጄነሬተር ሠራተኛው ተጠራ። ቅዳሜ መብራት ለአፍታም አልጠፋም ብሎ ማለ፤ ማን ይስማው? ለሩጫው ስትል ቀድመህ ወጥተህ ይሆናል አሉት። ሰውዬው ደም ሥሩ እስኪገታተር ተከራከረ፣ ከዚያ ደከመውና ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

በረዶው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የደረሰው። በሩን አየ፣ ወረቀቷን አየ። የፊቱ ቀለም ጥሎት ሲሄድ አየሁት። እኔም በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ መዳፌ አስታወሰኝ። ተያየን። ሁለታችንም ዝም አልን።

ስንት ሰዓት ዝም እንዳልን ልንገራችሁ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ሹፌሯ ሞተሩን እያስነሳች እያጠፋች ጠበቀች። የጤና ጣቢያዎቹ ስልክ ጮኸ። አንድ ምንም ያላደረገ ሰው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ተመለከተ። በረዶውም ግድግዳ ተደግፎ፣ እያሳለ፣ ቆመ። ምላሱ ተሳስሮ ሳይሆን ስሌት ይዞት ነው፤ እውነቱን ከተናገረ ቅዳሜ ማወቁ ይወጣል፣ ቅዳሜ ማወቁ ከወጣ የእሁድ ጠዋቱ ቀልድ ይወጣል፣ ጉልበቱ ይወጣል፣ ሁሉም ይወጣል።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኃላፊያችን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ወንበር ሳቡ። በጄነሬተር ሠራተኛው ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። ቀኑን ጻፉ። ስሙን ጻፉ። እስክሪብቶው ወደ ሁለተኛው መስመር ሲወርድ በረዶው ከግድግዳው ተላቀቀ።

«የእኔ ነው» አለ።

ኃላፊያችን ቀና ሳይሉ «ፊርማህ መሆኑን አይተናል» አሉት።

«ፊርማውን አላልኩም። ሙቀቱ የእኔ ነው።»

ያኔ ነው የተናገረው። ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ 4.4 አንብቦ ሲወጣ ብርክ ያዘው፤ እዚያው በር ላይ ለጤና ጣቢያ ከሚላኩት የትኩሳት መለኪያዎች አንዱን ከካርቶን አውጥቶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። እስክሪብቶው በእጁ ነበር። መለኪያውን አውጥቶ አነበበ፤ እጁም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ዓይኑ ያየውን ጻፈ። ምን እንደጻፈ እንኳ አልታወቀውም። አፉ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዋሽ የከረመው ሰው እጁ መዋሸት አልቻለበትም።

ኃላፊያችን የጀመሩትን ደብዳቤ ለሁለት አጠፉት፤ ከዚያ ለአራት አጠፉት። ሹፌሯ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

«ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ታውቅ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እሁድ መነሻው ላይም።»

«አዎ።»

ስለ ጉልበቱ አልጠየቀችም። ባትጠይቅም እጆቿን ሱሪዋ ላይ ጠራረገቻቸው፤ አስባበት አይመስለኝም። እሱ ግን አየ።

ጥብጣቡ ተቀደደ። በረዶው ለመጀመሪያው ሳጥን ጎንበስ ሲል ሹፌሯ ሳጥኑን ከእጁ ተቀበለችው።

«አንተ አትንካ፣ ጋሼ። አሞሃል» አለችው።

ከቅዳሜ ጀምሮ ይህችን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ተሳድባ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሳጥኖቹን ስንጭን እዚያው ባዶ እጁን ቆሞ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንም አላባበለውም። የጄነሬተር ሠራተኛው በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየውም፤ እስካሁንም ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው። መኪናው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ወጣ። አንዳንዶቹ እናቶች ተመልሰው ሄደው ነበር ተብለናል፤ ስንቶቹ እንደገና እንደመጡ አላውቅም።

በእኛ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ ወረቀቱም አይቀየርም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። በረዶው መስመሯን አሰመረ፣ 4.4 ጻፈ፣ ቀጥሎም ማንም ሳያዘው ሦስት ቃላት ጨመረ፦ «የእኔ ሙቀት ነው»። ወሩ አልቆ ወረቀቷ ወደ ፋይል ልትገባ ስትል እዚያው ትቆይ ብሎ ኃላፊያችንን ለመነ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ አዲሷ ወረቀት ላይ ሊጽፍ ሲመጣ ያቺ አጠገቧ ናት። አሁን ቁጥር ሲጽፍ ቆም ይላል፤ ሁለተኛ ያነባል። መጋዘኑ ውስጥ «በረዶው ጽፎታል?» የሚል ሰው ግን ጠፍቷል። ሰዎቹ ራሳቸው ገብተው ያያሉ።

በእሱ ላይ ይህን ያህል ስፈርድ ያያችሁኝ እኔን ንጹሕ እንዳታደርጉኝ። ወረቀቷ ላይ የእኔ መዳፍ አልተጻፈም፤ እሱ መጀመሪያ የዋሸው እኔን ነው፣ እኔም አውቄ ተቀብዬዋለሁ። የሱን ውርደት መቶ ሰው አይቷል። የእኔን እስከዛሬ ያየው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ሥራ ቦታ ስትጨባበጡ አንዱ እጅ ቢፋጃችሁ፣ ለቃችሁ አትለፉ። ያዙት፤ «አሞሃል» በሉት፣ ሌሎቹ እንዲሰሙም ጮክ አድርጋችሁ በሉት።